ጀርባዋን የሰጠችኝ ድመት

ድመት አልወድም። አልወድም ነበር ልበል? እሱም ገና አልለየለትም። ሳድግ የሰማሁት ሁሉ ስለ ክህደቷ ነው። ውሻ «ጌቶቼን አብዛልኝ፣ አንዱ ቢረሳኝ ሌላው ያበላኛል» ብሎ ሲጸልይ ድመት ግን «ዓይናቸውን አጥፋልኝ፣ ሳያዩኝ ልብላ» ትላለች ይባላል። ስትበላ ዓይኗን የምትጨፍነውም የሰጣትን ሰው ላለማየት፣ ኋላ «ማን ሰጠኝ?» ብላ ለመካድ ነው ይባላል። እኔ ይህን እንደ ሃይማኖት ነበር የያዝኩት። ቡራዩ ቤት ተከራይቼ ስገባ ግቢው ውስጥ ድመት መኖሯን ባየሁ ጊዜ ዕቃዬን ይዤ ልመለስ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ግቢው ከገፈርሳ መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ በባሕር ዛፍ አጣና የታጠረ ነው። ባለቤቱ ሚስታቸው የሞቱባቸው ሽማግሌ ናቸው። ሰፈሩ «ኦቦ»፣ አቶ እንደማለት ነው፣ ብሎ በስማቸው ይጠራቸዋል፣ እኔ ግን ከገባሁበት ሳምንት ጀምሮ አባባ ነው የምላቸው። ድሮ ገበሬ ነበሩ። እርሻቸው በየዓመቱ እየተሸረፈ ቤት በቀለበትና የቀረቻቸው ከግቢው ጓሮ ድንችና ጎመን የሚተክሉባት ቁራሽ መሬት ብቻ ናት። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ተወልጄ፣ የተወለድኩበት ቤት ፈርሶ፣ ብቻዬን ሁለት ክፍል ፍለጋ እዚያ የደረስኩ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ጠዋት በታክሲ በአስኮ አድርጌ ወደ ሥራ፣ አመሻሽ ላይ በዚያው መንገድ ወደ ቤት።

ስመለስ አባባ በርጩማቸውን ከኔ በር ትይዩ አድርገው ይጠብቁኛል። «ገልቴ?» ይሉኛል፤ ገባሽ? ማለታቸው ነው። «ገባሁ አባባ» እላለሁ። እሳቸው በኦሮምኛ ይጀምራሉ፣ እኔ በአማርኛ እመልሳለሁ፣ ሲያሻን ደግሞ እንገለባበጣለን። የታክሲውን ግፊያ ስነግራቸው «እንዲህ ከምትጋፊ ላም ብታረቢ ይሻልሽ ነበር» ብለው ይስቁብኛል። እኔ አባቴን ያጣሁት ነፍስ ሳላውቅ ነው። ከመንገድ ስመለስ መግባቴን የጠየቀኝ ወንድ እሳቸው የመጀመሪያው ነበሩ ብል አላጋነንኩም።

ድመቷ የሳቸው ናት። ነብርማ ግራጫ፣ የአንድ ጆሮዋ ጫፍ የተቆረጠ። ጅራቷን እንደ አንቴና ቀጥ አድርጋ ወደኔ ስትመጣ «ምን ያኮራታል?» እል ነበር። ጭንቅላቷን ባቴ ላይ ስታሻሽ ቁንጫዋን ልታራግፍብኝ ነው ብዬ እሸሻለሁ። አንድ ቀን ቅንጥብጣቢ ሥጋ ወረወርኩላት፤ ከደግነቴ አይደለም፣ በልታ እንድትሄድልኝ ነው። በላች። ከዚያ ደፉ ላይ ተቀምጣ ትክ ብላ አየችኝና ሁለት ዓይኖቿን ቀስ አድርጋ ጨፈነች። ከፈተች። ደግማ ጨፈነች።

«አዩልኝ አባባ! ዓይኔ እያየ ካደችኝ!» አልኩ።

«ምን አደረገች?»

«በልታ ስታበቃ አላየሁሽም እያለችኝ ነዋ!»

አባባ እስኪያስላቸው ሳቁ። ድመቷ ይህም አልበቃት ብሎ ዞረችና ጀርባዋን ሰጥታኝ ቁጭ አለች። እኛ አገር እኮ ታክሲ ውስጥ እንኳ የማይተዋወቅ ሰው ከፊትህ ሲቀመጥ ዞር ብሎ «ይቅርታ፣ ጀርባዬን ሰጠሁህ» ይላል። እሷ ሥጋዬን በልታ፣ ገዛ በሬ ላይ፣ ቂጧን ወደኔ አዙራ ደጅ ደጁን ታያለች። «ከሃዲ!» አልኳት። አንድ ጆሮዋን ብቻ ወደኋላ አዞረች፣ ሌላው አካሏ ንቅንቅ አላለም።

የማስተር ፕላኑ ወሬ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ከዙሪያዋ ከተሞች ጋር በአንድ ፕላን ልትያያዝ ነው ተባለ፣ መሬታችን ሊሄድ ነው ተባለ። ዛሬ ሰበታ መንገድ ተዘጋ፣ በነጋታው ሱሉልታ ተኩስ ተሰማ እየተባለ ቆይቶ እኛም ዘንድ ደረሰ። አባባ ስለ ነገሩ ሲናገሩ የሰማኋቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የጓሮዋን ቁራሽ መሬት እያዩ «ይቺንም?» አሉ። ለማን እንዳሉት አልገባኝም፤ ለኔ ይሁን፣ ለመንግሥት ይሁን፣ ለፈጣሪ ይሁን። እየሰፋ የሚበላቸው ከተማ የኔ ከተማ ነው፣ ያው ከተማ ደግሞ የኔንም ቤት አፍርሶ ነው እሳቸው ደጅ የጣለኝ። እና እኔ ከየትኛው ወገን ነኝ? ባስበው ባስበው መያዣ መጨበጫ አጣሁለት።

በዚያ ሰሞን መምህር የሆነው የእህታቸው ልጅ ተይዞ ታሰረ። ቀጥሎ የቤት ውስጥ አድማ ተጠራ፤ ሱቅ ይዘጋ፣ ሥራ የሚሄድ እንዳይኖር ተባለ። እኔ ግን አለቃዬን ፈርቼ በማለዳ በእግሬ ወጣሁ። ስመለስም ከአስኮ ጀምሮ በእግሬ ነው። መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፣ የተቃጠለ ጎማ ይጨሳል፣ ወታደሮች በመኪና ያልፋሉ። ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ፣ አንዴ ድንጋዩን አንዴ ወታደሩን እየፈራሁ ቤት ደረስኩ።

የግቢውን በር ስከፍት በርጩማው ቦታውን ለቋል። አባባ መሐል ግቢው ላይ ፊታቸውን ወደ ውጭው በር አዙረው፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። «እንደምን አመሹ አባባ» አልኩ። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና ራሳቸውን ነቀነቁ። ገልቴ የለ፣ ሳቅ የለ። አልፌ በሬ ላይ ደርሼ አሁንስ ይዞራሉ ብዬ ቆሜ ጠበቅኩ። ጀርባቸውን እንደሰጡኝ ቀሩ።

በማግስቱ አልወጣሁም። አባባ ያው ናቸው፣ በርጩማው ያው ነው። ወደ ከሰዓት በኋላ ጥቂት ሰዎች በሩ ላይ መጥተው አነጋገሯቸው። ከክፍሌ ሆኜ ቃሉ አይሰማኝም፤ አንዱ እጁን ወደኔ መስኮት ሲቀስር ግን አየሁና መጋረጃው ጀርባ ገባሁ። ሰዎቹ ሄዱ። አባባ ተመልሰው ተቀመጡ፣ አሁንም አልዞሩም። ወጥቼ «ምን አሉ አባባ?» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን እልኸኛ ነኝ፤ ያላናገረኝን አላናግርም አልኩ። ሆዴ ግን እልሁን አልተቀበለኝም፣ ስጨነቅ ዋልኩ። በእህታቸው ልጅ እስር ተናደውብኝ ይሆን? አድማ ጥሼ ሥራ መሄዴ ይሆን? ወይስ ሲጀመርም አልወደዱኝም፣ እኔው ነኝ አባት ያደረግኋቸው?

ሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ በሬን ብከፍት ደጅ ባደረው ጫማዬ ላይ የሞተ አይጥ ተቀምጧል። ትልቅ ነው፣ አንገቱ የተሰበረ፣ ሆን ተብሎ ቀጥ ተደርጎ የተጋደመ። ሰው ያስቀመጠው መልእክት ነው አልኩ፤ ውጪ ተብያለሁ። ድመቷ ሁለት እርምጃ ራቅ ብላ ተቀምጣ ታየኛለች፣ ዓይኗን ቀስ አድርጋ ትጨፍናለች። አንቺም አውቀሽ ዝም አልሽ? አልኳት በሆዴ። ወይ አምላኬ! አይጥና ድመት አንድ ላይ እያየሁ ሰው የጠረጠርኩ እኔ ነኝ። ፍርሃት ለካ እንዲህ ያደነቁራል።

ኮልፌ ለምትኖረው እህቴ ደወልኩና ልብሴን በሻንጣ አጨቅሁ። አባባ በርጩማቸው ላይ ናቸው፤ በማለዳው ብርድ ጋቢያቸውን ደርበው ጀርባቸው ብቻ ይታየኛል። ደህና ሁኑ ብል ምን ይመልሱልኛል? ዝም ቢሉኝስ? ያንን ዝምታ የምችል አልመሰለኝም። ቁልፌን በሩ ምስማር ላይ ሰቀልኩና በጓሮ በኩል፣ በድንቹ መሐል፣ በአጥሩ ሽንቁር ወጣሁ። ድመቷ ጅራቷን ቀጥ አድርጋ እስከ አጥሩ ተከተለችኝ። ጓል አንስቼ ወረወርኩባት።

እህቴ ቤት ሳምንታት አለፉ። ሥራ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ፤ እህቴ ምግብ ታቀርብልኛለች፣ ገባሽ ብሎ የሚጠይቀኝ ግን የለም። አንድ ቀን ከመሥሪያ ቤቴ በር ላይ ሰው ይፈልግሻል ተብዬ ብወጣ የአባባ ልጅ ናት፤ ሰበታ የምትሠራ የእንስሳት ሐኪም። መንገዱ ሲከፈት የቀረ ዕቃዬን በካርቶን ይዛልኝ መጥታለች። አፍሬ የምገባበት ጠፋኝ። ሻይ ጋበዝኳት።

«ድመቷን ምን አድርገሻት ነው?» አለችኝ ገና ሳትቀመጥ።

«እኔ? ጓል ነው... ማለቴ፣ ምን ሆነች?»

«በየጠዋቱ የተዘጋ በርሽ ላይ አይጥ ታስቀምጣለች። አባቴ መጥረግ ሰለቸው።»

«አይጡን የምታመጣው እሷ ናት?»

«ታዲያ እኔ ነኝ?» ብላ ሳቀች። «ለምትወደው ነው የምታመጣው። ራስሽን መመገብ የማትችዪ መስሏት ይሆናል።»

አላመንኳትም። ዓይኗን እየጨፈነች እንደምትክደኝ ነገርኳት። «የፈራ እንስሳ ዓይኑን ይጨፍናል እንዴ?» አለችኝ። «ቀስ ብላ ከጨፈነችልሽ ልቧን ጥላብሻለች ማለት ነው። አንቺም እንደዚያው ጨፍነሽ ብትመልሺላት ደስ ይላታል።» ጅራት ማቆሟ ሰላምታ ነው አለችኝ፣ ጭንቅላቷን ማሻሸቷ ጠረኗን ቀብታ የራሷ ልታደርገኝ ነው አለችኝ። ይህን ሁሉ ዓመት የሰማሁት ተረት ጆሮዬ ላይ ተንኮታኮተ። አንድ ነገር ግን ቀረኝ።

«ጀርባዋንስ ለምን ትሰጠኛለች?»

«ድመት ፊቷን የምታዞረው አደጋ ይመጣበታል ወዳለችው ነው» አለች ስኳሯን እያማሰለች። «ጀርባዋን የምትተወው ለምታምነው ነው። አንቺን ከኋላዋ አድርጋ በሩን እየጠበቀች ነበር።»

ስለ ድመት ነው የምትናገረው። የኔ ዓይን ፊት ግን ድመት የለችም፤ ጋቢና በርጩማ፣ ጉልበት ላይ የተጋደመ ዱላ ብቻ ነው ያለው። እንደምንም ብዬ ያን ቀን በሩ ላይ የመጡት ሰዎች ምን እንዳሉ ጠየቅኋት። «አድማ ጥሳ ሥራ ስለሄደችው ሴት ጠየቁት። ልጄ ናት፣ እኔ ነኝ የላክኋት፣ ጥያቄ ካላችሁ እኔን ጠይቁኝ አላቸው። ወታደሮች መጥተው ክፍሉ የማን ነው ሲሉትም ያንኑ አላቸው። አልነገረሽም እንዴ?»

አልነገሩኝም። እኔስ መች ጠየቅኋቸው?

ቅዳሜ ቡራዩ ሄድኩ። የግቢውን በር ስገፋ ክፍሌ እንደተዘጋ ነው፣ ቁልፉ ምስማሩ ላይ ነው። በርጩማውም እዚያው መሐል ግቢው ላይ ነው። አባባ ጀርባቸውን ለባዶ ክፍሌ ሰጥተው በሩን ያያሉ። መንገድ ላይ ያሰናዳሁት ይቅርታ ሁሉ ብን ብሎ ጠፋና፣ ይቅርታ ልጠይቅ የመጣሁ ሴትዮ ተቆጣሁ።

«ለምን አላናገሩኝም አባባ?»

«በር የሚጠብቅ ሰው ያወራል እንዴ?» አሉ።

«እኔ እኮ የጠሉኝ መስሎኝ...»

ዱላቸውን ከጉልበታቸው አንስተው መሬት ላይ አቆሙት።

«እኔ ይሄን በር ሳይ» አሉ በመጨረሻ፣ «አንቺ በጓሮ ሄድሽ።»

ቁጣ የለበትም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። አጠገባቸው አልፌ ሄጄ ደፌ ላይ ተቀመጥኩ። ድመቷ ከድንቹ መሐል ወጣች፣ ጅራቷን አቁማ መጣች፣ ባቴ ላይ ታሻሸች፣ ከዚያ ዞራ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቁጭ አለች። ከሷ ፊት ደግሞ የአባባ ጀርባ። እኔ ያንን ጀርባ አይቼ ነው የሸሸሁት። አሁንም አየዋለሁ፤ ያው ጋቢ ነው፣ ያው ጎበጥ ያለ ትከሻ ነው፣ ምኑ እንዳስፈራኝ ፈልጌ አጣሁ። ዓይኔን ቀስ አድርጌ ጨፈንኩ፣ ከፈትኩ፣ ደግሜ ጨፈንኩ። ሁለቱም ወደኔ ስላልዞሩ ማንም አላየኝም።

«ገልቴ?» አሉ አባባ፣ ሳይዞሩ።

«ገባሁ አባባ» አልኩ ለጀርባቸው።