ወንድሜ እንደገና የተፈረደበት ቀን

«አንቺን ይዤ ችሎት ከገባሁ ልጁ እዚያው እስር ቤት ይቀራል» አሉኝ አጎቴ፣ ባቡሩ ከጄኔቫ እንደወጣ።

ወንድሜ ዙሪክ፣ አልትሽቴተን ሰፈር፣ ሰው በጠርሙስ መትቶ ታስሮ ነበር። ቅጣቱን ያከበደበት «አደገኛ ጠባይ ያለው» የሚል አንቀጽ ነው። የበላይ ፍርድ ቤት ግን፣ አደገኛ የሚባለው ማን እንደሆነ ሕጉ አይገልጽም፣ ከሕገ መንግሥቱም ጋር ይጋጫል ብሎ አንቀጹን ሻረው። ያን ቀን ቅጣቱ እንደ አዲስ ሊወሰን ነው።

አጎቴ ዳኛውን ሊለምኑ ጋቢ ለብሰዋል።

«ጋሼ፣ ልመና አያስፈልግም። አንቀጹ ራሱ ተሽሯል።»

«ያልተለመነ ዳኛ መቼ ይምራል? አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ ብለሽ ጠበቃ ሆንሽ?»

አባታችንን ደርግ ያሰረው «ፀረ አብዮት» ብሎ ነው። ምን ማለት ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ያኔም ለምነናል፣ የሰማን የለም። መቀመጥ አቃተኝና እስከ ዙሪክ ድረስ በባቡሩ መተላለፊያ ስንጎራደድ ቆየሁ።

ችሎቱ እኔም አብሬ ገባሁ። ዳኛው እስካሁን የታሰረው ይበቃዋል ብሎ ፈረደ። አጎቴ ከኋላ ተነስተው እጅ ነሱ። ዳኛው ወረቀቱን እየሰበሰበ ስለነበር አላያቸውም።

ወንድሜ ውጭ እንደወጣ አጎቴ እግር ላይ ወደቀ። «በእርስዎ ልመና ነው የወጣሁት።»

«ያወጣህ የአንቀጹ መሻር ነው» አልኩት።

«ዛሬን እንኳን ብትተዪን ምናለበት?» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

አጎቴ ይዘውልኝ የነበረውን ካፖርቴን ከክንዳቸው ላይ ወስጄ ብቻዬን ወደ ትራም ማቆሚያው ሄድኩ።