ትንሹ ክፍት ቁጥር

የአክስቴ ልጅ ያልቀደመኝ ነገር የለም። እኔ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናው ሳይሆንልኝ ቀርቶ ደብረ ማርቆስ አንድ የኮፒና የጽሕፈት ሱቅ ስቀጠር፣ እሱ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሶፍትዌር ይማራል። ዘመድ በተሰበሰበበት ሁሉ ወሬው እሱ ነው። ለእኔ የቀረችኝ አንዲት ነገር ነበረች፤ ከርነሌ።

ከርነል የኮምፒውተሩ ሥርዓት እምብርት ነው። ሜሞሪውን፣ ዲስኩንና ስክሪኑን ለፕሮግራሞች የሚያከፋፍለው እሱ ነው። ደንበኛ በሌለበት ሰዓት፣ ኢንተርኔት ላይ ያነበብኩትን እየሞከርኩ የራሴን ከባዶ እጽፍ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር የአክስቴ ልጅ ሞክሮ አያውቅም። ጠይቄ አረጋግጫለሁ።

የተጣበቅኩት የፋይል ቁጥር ላይ ነው። ፕሮግራም ፋይል ሲከፍት ከርነሉ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከዚያ ወዲያ ፋይሉን የሚጠራው በዚያ ቁጥር ነው። ዜሮ ከኪቦርድ ለሚገባው፣ አንድ ወደ ስክሪን ለሚወጣው፣ ሁለት ለስህተት መልእክት አስቀድመው ተይዘዋል። ታዲያ ፋይሉ ሲዘጋ ቁጥሩ ምን ይሁን? እኔ ይረፍ ብዬ ወሰንኩ። አዲስ ፋይል ሁልጊዜ ቀጣዩን ቁጥር ይወስዳል፤ ወደ መጀመሪያው የሚመለሰው የቁጥሮቹ ሰንጠረዥ ሲያልቅ ብቻ ነው።

ችግሩ የመጣው አንድ ፕሮግራም ውጤቱን ስክሪን ላይ ሳይሆን ፋይል ውስጥ እንዲጽፍ ሳዝዘው ነው። ፋይሉ ባዶ፣ ስክሪኑም ባዶ። ጥፋቱ ዲስኩ ጋ ነው ብዬ ዲስክ ላይ የሚጽፈውን ኮድ መስመር በመስመር ፈተሽኩት። አንድም ስህተት አላገኘሁበትም።

የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ እረፍት ሲመጣ ሱቅ ድረስ መጥቶ ሻይ ይዞ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ ተቀመጠ። በዕድሜ ትንሽ ስለምበልጠው አያ ይለኛል።

«አያ፣ አሁንም ከዚች ነገርህ ጋር ነህ?»

ሳልወድ ችግሩን ነገርኩት።

«ቆይ፣ ቁጥር አንድን ትዘጋና ፋይሉን ትከፍታለህ አይደል? ስንት ቁጥር ይሰጠዋል?»

«ተራ የደረሰውን። ሦስት፣ አራት።»

«አንድን ነዋ መስጠት ያለበት! አንድን የምትዘጋው እኮ ፋይሉ እሱ ቦታ እንዲገባ ነው። ፕሮግራሙ የሚጽፈው አንድ ላይ ነው፤ አንተ ደግሞ ባዶ አድርገህ ተውከው። ካልተያዙት ክፍት ቁጥሮች ትንሹን ስጥ፣ አለቀ። ለምን አሳረፍከው?»

«የሰው ቦታ ወዲያው ለሌላ አይሰጥማ። ሰንበቴ ላይ አባል ሲሞት ልጁ እስኪመጣ ቦታው ይጠበቅ የለ? የድሮውን ቁጥር ያልረሳ የፕሮግራሙ ክፍል ቢኖር በስህተት ሌላ ፋይል ላይ ይጽፋል።»

ሳቁን ለቀቀው። «አያ፣ ለተዘጋ ፋይል ተዝካር ልታወጣለት ነው?»

መታወቂያ ኮፒ ለማስደረግ የመጡ እናት ነገሩ ሳይገባቸው አብረው ሳቁ። እሱ ኪቦርዱን ወደ ራሱ ሳበና ከዜሮ ጀምሮ ባዶ ቦታ የሚፈልግ ጥቂት መስመር ጻፈ። ስናስነሳው ፋይሉ ሞልቶ ተገኘ።

«ከርነላችን ሠራ!» ብሎ ትከሻዬን መታኝ።

ከርነላችን። ፈገግ አልኩ፤ ደስ ግን አላለኝም። ስንት ወር የደከምኩበትን ቁጭ ባለበት፣ ሻዩ እንኳ ሳይቀዘቅዝ የጋራ አደረገው።

እሱ ከተመለሰ በኋላ የጻፈውን ላጠፋው አስቤ ነበር። አልቻልኩም፤ ደንቡ ልክ ነው። አጻጻፉ ግን የተዝረከረከ ነው፤ ፋይል በተከፈተ ቁጥር ከዜሮ ጀምሮ አንድ በአንድ ያንኳኳል። እኔ የአንዱን ፕሮግራም ቁጥሮች ሁሉ በአንድ ረድፍ ቢቶች አስቀመጥኳቸው፤ ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድ ቢት፣ ማለትም ተይዟል ወይም ክፍት ነው ብቻ የምትል ትንሽ ምልክት። ፕሮሰሰሩ የመጀመሪያውን ክፍት ቢት በአንድ ትእዛዝ ያገኘዋል። ሰንጠረዡ ሲሞላ፣ አንድ ፋይል ሁለት ጊዜ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን ሞከርኩ። እንከን የለሽ መሆኑን ሳረጋግጥ በቴሌግራም ላክሁለት። እንዲቆጨው ነበር የላክሁት።

ወዲያው መለሰ። «አያ! ይሄማ ከእኔው በስንት እጅ ይሻላል! እንዴት አላሰብኩትም? ለክፍል ልጆች ላሳያቸው?»

መልእክቱን ደጋግሜ አነበብኩት። ቅር ያለው የምትመስል ቃል ፈለግሁ፤ የለችም። ልጁ ከልቡ ደስ ብሎታል። በእሱ ቦታ እኔ ብሆን መልስ ለመስጠት ሁለት ቀን ይፈጅብኝ ነበር። በዚህም፣ በዚህ ሰፊ ሆዱ፣ ቀናሁበት።

«አሳያቸው» ብዬ ጻፍኩለት። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ፣ «የማን እንደሆነ ግን ንገራቸው» አልኩት።