በቁሟ ዱዓ የተደረገላት ጣይባ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣው ሚኒባስ አልሞላ ብሎ ቁጭ ብለናል። ከኋላዬ ያሉ ሰው ረዳቱን፣ «ልጄ፣ ሰው ካጣህ እኔን ሁለት አድርገህ ቁጠረኝና እንሂድ» አሉት። ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ ግን ዞርኩ፤ ድምፁን አውቀዋለሁ። ያኔ ደሴ ሰኞ ገበያ ሰፈር በነበረው ቪዲዮ ቤት፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆመው የፈረንጁን ፊልም ባማርኛ ይነግሩን የነበሩት ጋሽ ሸረፈዲን ናቸው።

እንዳወቅኋቸው ሲያዩ አጠገባቸው ያለውን ቦታ መታ መታ አደረጉልኝ። ከደጋን መመለሳቸው ነው፤ የሚስታቸው ወንድም ሀፊዝ ሞቶ ለቅሶ ደርሰው። ብቻቸውን እንደሚኖሩ ስለማውቅ፣ ሚስት አለዎት እንዴ የሚለው አመለጠኝ።

«አለችኝ» አሉ። «ደጋን ናት።»

ሚኒባሱ ሞልቶ የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ነገሩኝ። ነገሩ የጀመረው ካንድ የቆየ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። የካሴቱ ሽፋን ላይ ከታሪካዊ ልቦለድ የተወሰደ ይላል። ጭሰኞቹን የሚያስገብር ባለርስት፣ ጨለማ የዋጠው ትልቅ ቤት፣ ማንም የማያናግራት ሚስት፣ ከገጠር የመጣች ቆንጆ የዘመድ ልጅ። ጋሽ ሸረፈዲን የፈረንጅ ስም ተመልካቹን ያደናግራል ብለው ለሁሉም ያገር ስም ያወጡ ነበር። ባለርስቱን ደጃዝማች አሉት፤ ግብር የከፈሉ ሽማግሌዎች ገና ሲያዩት ይራገሙት ጀመር። የገጠሯን ልጅ ውዱ አሏት። ሚስትየው በረጅሙ ገበታ ጫፍ ብቻዋን ስትበላ ሲያዩ ግን አንጀታቸውን በላቻቸው፤ የሚወዱት ስም ካፋቸው ወጣ። ጣይባ አሏት። የገዛ ሚስታቸውን ስም።

ፊልሙ ውስጥ ደጃዝማቹ ጣይባን መርዝ አብልቶ ገደላት። ይሄኔ ከፊት የተቀመጡ አንድ አዛውንት ተነሡና፣ እንዲህ ያለች ምስኪን ዱዓ ሳይደረግላት መቅረት የለባትም ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም «አሚን» አለ። ጋሽ ሸረፈዲንም ነገራቸው ሰው ልብ በመግባቱ ደስ ብሏቸው አብረው አሚን አሉ።

በማግስቱ የኔነሽ የምትባል ጎረቤት ጣይባን ገበያ ላይ አገኘቻት። «አንቺ ደግሞ ምን ገበያ ያስወጣሻል፣ ትናንት ዱዓሽን አድርገን ጨርሰን!» ብላ ሳቀችባት። ጣይባ አልሳቀችም። በዚያው ሰሞን ትኩሳት ያዛት፤ እናቷ እስኪሻላት ብላ ደጋን ወሰደቻት። ተሻላት፤ ግን አልተመለሰችም። ሽማግሌ ቢላክ፣ በቁሜ ወደቀበረኝ ቤት አልገባም ብላ መለሰች። ፍቺም አልጠየቀች። ቪዲዮ ቤቱ ተዘጋ፤ ሰዉ ሁሉ ፊልሙን በየስልኩ ያይ ጀመር። ጋሽ ሸረፈዲን ሌላ ሳያገቡ፣ ለራሳቸው እየቀቀሉ፣ እየበሉ አረጁ።

«ፊልም ስታይ ብቻህን ነው የምታየው?» አሉኝ መሀል ላይ። አዎ አልኳቸው። «ታዲያ አሚን የሚልህ ማነው?»

ዛሬ ደጋን ሲወርዱ መንገዱን ሁሉ አንዲት ነገር ሲያዘጋጁ ነበር፤ ነይ ቤትሽ ግቢ ለማለት። ግን ለቅሶ ቤት ተገብቶ እንዲህ አይባልም። ከወንዶቹ ጋር ተቀምጠው ዱዓው አለቀ፤ ሰዉ ሳሳ። ሊነሡ ሲሉ ጣይባ ራሷ መጥታ ራቅ ብላ ተቀመጠች። ፀጉሯ ሸብቷል። ደህና ነህ ወይ ሳትል፣ ያ ፊልም መጨረሻው ምን ሆነ አለቻቸው። ለካ እስከ ዛሬ የነገራት የለም።

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሯት። ደጃዝማቹ አብዶ ከማማው ወደቀ፤ ውዱ ቤቱን ጥላ ባገሯ መንገድ ሄደች። ሟቿን ሴትዮዋ ብቻ እያሉ አለፏት።

«ለሷስ ማን አለቀሰላት?» አለች።

«እዚያው አገሯ ማንም አላለቀሰላትም። ሰኞ ገበያ ነው የተለቀሰላት።»

ጣይባ ይህን ሰምታ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

ጋሽ ሸረፈዲን እዚህ ላይ ወሬያቸውን አቆሙ። ደሴ ገብተን ቧንቧ ውሃ ሰፈር ስንደርስ ወራጅ ብለው ወረዱ። በመስኮቱ አንገቴን አውጥቼ፣ ታዲያ እመጣለሁ አለችዎት ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ምንም አላለችኝ» አሉ። «ሻይ ይዛልኝ መጣች። ስኳሩን ሳትጠይቀኝ እንደ ድሮው አብዝታ አድርጋዋለች። ስኳር ሐኪም ከከለከለኝ ቆይቷል፤ ጨልጬ ጠጣሁት።»