የእህቴ ልጅ ሳንባ

ቡታጅራ አጠገብ ባለው መንደራችን ሰው ሲሞት የአላህ ውሳኔ ነው ይባላል። ሽማግሌ ቢሞት፣ መኪና ቢገለበጥ፣ ሁሉም የአላህ ነው። የታላቅ እህቴ የመጀመሪያ ልጅ በሰባት ወሩ ተወልዶ፣ ሁለት ቀን ሲያቃስት ቆይቶ ሲሞት ግን ጥፋቱ የእሷ ሆነ። «ሆዷ ገፍቶ እንሰት ስትፍቅ ከረመች፤ እሷው ናት የገደለችው» አሉ አማቷ። እንሰቱን ፋቂ ብሎ ያዘዛት ማን ሆነና! እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

እኔ አዲስ አበባ ባዮሎጂ እማር ነበር። ልጁ ከሞተ በሦስተኛው ዓመት ለአረፋ አገር ቤት ስገባ፣ አማቷ ያንኑ ወቀሳ እንግዳ ፊት ደገሙት። እህቴ አንገቷን ደፍታ ሥጋ ትከትፋለች። አላስቻለኝም። ለሴሚናር የያዝኩትን ስለ ሕፃናት ሳንባ የተጻፈ ጥናት ፎቶ ኮፒ ከቦርሳዬ አወጣሁ።

«እማማ፣ ይስሙኝ! ሳንባችን ውስጥ ያሉት ትንንሽ የአየር ከረጢቶች እንዳይጣበቁ የሚከላከል እንደ ቅባት ያለ ነገር አለ። በሰባት ወሩ የተወለደ ልጅ ሳንባው ይህን ገና በበቂ መጠን አይሠራም። እሷ ምን ታድርግ?»

ፈረንጆች የዚህን ቅባት ፕሮቲኖች የሚያሠሩትን ጂኖች ከሰው ሳንባ ለይተው፣ ባክቴሪያ ውስጥ አባዝተው፣ ፊደል በፊደል እንዳነበቧቸው ነገርኳቸው። እነሱ አገር ቅባቱ ለጎደለው ሕፃን በቀጭን ቱቦ ሳንባው ውስጥ እንደሚጨመርለትም ነገርኳቸው። አማቷ «ወረቀት ደግሞ ምን ያውቃል» ብለው ተነስተው ወጡ።

እህቴ ግን መክተፏን አቆመች።

«ይህን መቼ ነው ያወቁት?»

«ልጅሽ ከመወለዱ ከብዙ ዓመት በፊት።»

«ታዲያ ለእኛ ማን ይንገረን?»

ይሄኔ ብሶቴ ገነፈለ። ሕመሙን ሳይነግራት የሸኛትን ጤና ጣቢያ፣ ልማት ልማት ሲል የሚውለውን ቴሌቪዥን፣ እውቀታቸውን ታቅፈው የተቀመጡትን ፈረንጆች፣ ሁሉንም ሰደብኩ። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«አንተስ መቼ አወቅክ?»

ባለፈው ዓመት ተፈትኜበት ኤ አግኝቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ አገር ቤት ገብቼ ስለ ውጤቴ አውርቻለሁ፤ እሷም «ማሻአላህ» ብላ ግንባሬን ስማኛለች። የተማርኩት ስለ እሷ ልጅ መሆኑ አንድም ቀን ትዝ አላለኝም።

«ዓመት ሆኖኛል» አልኳት።

«ዓመት ሙሉ» አለች እህቴ፣ «እኔ ልጄን ገደልኩ እያልኩ ሳድር፣ አንተ ታውቅ ነበር።»