ቡሬ የቀረችበት ሪፖርት

ፍኖተ ሰላም ውስጥ በግብርና ባለሙያነት ስቀጠር ገና ከኮሌጅ መውጣቴ ነበር። ሥራዬ በክረምት ከየወረዳው የሚመጣውን የዘር ሪፖርት አጠቃልሎ ወደ ባሕር ዳር መላክ ነው። ኢንተርኔቱ እንደ ልብ ስለማይሠራ ወረዳዎቹ ፋይላቸውን በፍላሽ አድርገው በሚኒባስ ሾፌር ይልኩልኛል። በእጅ መገልበጡ ሲሰለቸኝ በኤክሴል አንድ ማክሮ ጻፍኩ፤ ቁልፉን ስጫነው የየወረዳውን ፋይል በተራ እየከፈተ ራሱ ይደምርልኛል።

የቡሬውን ሪፖርት የሚልኩልኝን ሴት የማውቃቸው በስልክ ብቻ ነበር። ድምፃቸው ረጋ ያለ፣ አነጋገራቸው የታረመ ስለሆነ በዕድሜ የገፉ ወይዘሮ መስለውኝ «እንደምን አደሩ፣ እትዬ» እላቸዋለሁ። እሳቸውም አንቱ ይሉኛል። እንዲህ እየተከባበርን ዓመት ሞላን።

አንድ ቀን ኃላፊያችን ሪፖርቱ ከምሳ በፊት እንዲላክ አዘዙ። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የቆዩ ሰው ናቸው፤ ከተራ ወሬ ውስጥ እንኳ ሰምና ወርቅ ይፈልጋሉ። ማክሮውን አስነሣሁት። ደንበጫን ከፈተ፣ ጃቢ ጠህናንን ከፈተ፣ ከዚያ ቀጥ አለ። ብፈትሽ የቡሬው ፋይል በቦታው የለም። ማክሮዬ ደግሞ የሌለ ፋይል ክፈት ሲባል የሚያደርገው ስለማያውቅ የቀሩትን ወረዳዎች ሳይነካ ቆሟል።

ወደ ቡሬ ደወልኩ። ሴትዮዋ ደነገጡ፤ ፍላሹን ለሾፌሩ የሰጡት በማለዳ ነው። ቢያፈላልጉት ሰውየው ፍላሹን ኪሱ ውስጥ ረስቶ ፍኖተ ሰላምን አልፎ ጅጋ ገብቷል። ቅጂው እጃቸው ላይ ስለነበር በሚቀጥለው መኪና ራሳቸው ይዘው እንደሚመጡ ነግረውኝ ስልኩን ዘጉ።

እስኪመጡ ድረስ ማክሮውን ማስተካከል ያዝኩ። ፋይሉን ከመክፈቱ በፊት መኖሩን እንዲያጣራ ማድረግ ነበረብኝ፤ ካለ ይክፈተው፣ ከሌለ የወረዳውን ስም ነግሮኝ ወደሚቀጥለው ይለፍ። መመሪያውን እያገላበጥኩ ጥቂት መስመር ጨመርኩና ቁልፉን ተጫንኩ። ስክሪኑ መሃል ትንሽ ሳጥን ብቅ አለች፦ «ቡሬ የለም»።

ደስታዬ ከወንበሬ አስነሣኝ። ኃላፊው መጥተው ጽሑፉን ደጋግመው አነበቡት።

«ቡሬ የለም አፈር አገር ናት» አሉ በመጨረሻ፣ የለም የሚለውን ከመቅረት ወደ ልምላሜ አዙረው። «ይኼ ኮምፒውተር ቅኔውን የት ነው የተማረው?»

ቢሮው በሙሉ ሳቀ። «እሺ» የሚለውን ስጫን ማክሮው ቡሬን አልፎ የቀሩትን ወረዳዎች እስከ መጨረሻው ሰበሰበ።

ከምሳ በፊት አንዲት ሹሩባ የተሠራች፣ ሸራ ጫማ ያደረገች ልጅ እግር ሴት በሩ ላይ ቆመች።

«ከቡሬ ነው የመጣሁ» አለች። «ሪፖርት የሚቀበሉትን ወይዘሮ ፈልጌ ነበር።»

እኔ ከኋላዋ አንዲት አሮጊት ትመጣለች ብዬ በሩን አያለሁ። ድምፅዋ ጆሮዬ ውስጥ ሲገባ ነው የነቃሁት።

«እትዬ?» አልኳት።

አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ እየተሳሳቅን ተቃቀፍን። የስልኩ መስመር እየተቆራረጠ ስለሚያስቸግረን ሁለታችንም ቃላቱን እየረገጥን፣ ቀስ እያልን እናወራ ነበር፤ ያ ነው ያስረጀን።

ፋይሉን ገልብጠን ማክሮውን እንደገና አስነሣነው። በዚህኛው ዙር ምንም ሳጥን ሳይወጣ ቡሬም ከጓደኞቿ ጋር ተደመረች፤ ሪፖርቱም በሰዓቱ ሄደ። ምሳ አብረን በላን። እናቷ የቋጠሩላትን ዳቦ ቆሎ እየቆረጠምን መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት፤ መንገዱን ሁሉ አንቺ ለመባባል ስንሞክር አንቱ እያመለጠን ስንሳሳቅ።

ልጅ ስወልድ ክርስትና ያነሣችልኝ እሷ ናት። ኃላፊያችን ያን ጊዜ ጡረታ ወጥተው ነበር፤ በድግሱ ላይ ሊመርቁን ተነሥተው ምርቃታቸው ከመርዘሙ የተነሣ ወጡ ቀዘቀዘ፣ ግን ማንም ቅር አላለውም።