ጠረጴዛው ወደ ጎረቤት የሄደ ዕለት

አባቴ ከአዲስ አበባ አሰብ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ሸዋ ሮቢት ያለው ቤታችን ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ስለነበር፣ በሄደ በመጣ ቁጥር መኪናውን ጥግ አስይዞ ከእኛ ጋር ያድራል። ከአሰብ ሲመለስ ባዶ እጁን አይመጣም። አንድ ጊዜ ባለቀለም ብርጭቆዎች፣ ሌላ ጊዜ ጠርዙ ወርቃማ የሆነ ትልቅ ሰሃን ያመጣል። ብርጭቆዎቹ መንገድ ላይ እንዳይሰበሩ በአሮጌ ሸሚዞቹ እጅጌ ውስጥ ይከታቸው ነበር።

እናቴ ለእነዚህ ዕቃዎች ሥራ አገኘችላቸው። በዓል ሲደርስ ሳሎን ያለውን ጠረጴዛ "ላልብሰው" ትላለች፤ አስጌጣለሁ ማለቷ ነው። መጀመሪያ በገዛ እጇ የሠራችውን ነጭ ዳንቴል ትዘረጋለች። በላዩ ላይ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ብርጭቆዎቹን፣ መሀል ላይ ደግሞ ሎሚና ብርቱካን ከነቅጠሉ፣ ማንጎ፣ ለሁለት የተከፈለ ፓፓያ ታስቀምጣለች። አበባው የመጨረሻ ነው። የተወለደችው ከጣርማ በር ወዲያ ደጋው ላይ ስለሆነ፣ እዚያ የተቆረጠ አበባ ሳምንት እንደሚቆይ፣ እዚህ ግን ረፋድ ላይ አንገቱን እንደሚደፋ ሁልጊዜ ታማርራለች። ስለዚህ የእንግዳ ድምፅ ከውጭ ሲሰማ "ሩጪ፣ መጡ!" ትለኛለች፤ እኔ ከአጥሩ ላይ ሐምራዊ አበባ ቆርጬ በጓሮ በር እገባለሁ።

አሥራ ስድስት ዓመት በሞላኝ ክረምት አባቴ ታሞ ሞተ። ወባ ነው ተባለ። እናቴ ከል ለበሰች፤ ዕቃዎቹንም በካርቶን አድርጋ አልጋ ሥር ገፋቻቸው። ጠረጴዛው ላይ የሚተኮስ ልብስ፣ አሮጌ ጋዜጣና ፋኖስ ተከመረበት። ገና እንዲሁ አለፈ፤ ጥምቀትም እንዲሁ። ለፋሲካ ዶሮ ሠርታልን ነበር፤ ግን ሳህናችንን ጭናችን ላይ አድርገን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠን በላን።

በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ተደራርበው ሰፈሩ በሙሉ በዚያ ሙቀት ጾመኛ ነበር። በዋናው መንገድ የወታደር መኪኖች ወደ ሰሜን ይጎርፋሉ፤ አቧራቸው እስከ ግቢያችን ይደርሳል። ፋሲካችን አልፎ ኢድ ሲቃረብ አጥር የምንጋራት ጎረቤታችን መጣች። እኔ እትዬ ነበር የምላት። እስላም ናት፤ ባሏ ቆላው ላይ ሽንኩርት ያለማል፤ እናቴ ሙሽራ ሆና ከደጋ ስትወርድ መጀመሪያ ውሃ ያቀበለቻት እሷ እንደነበረች ሁለቱም ይናገራሉ።

"ጠረጴዛሽን አውሺኝ" አለቻት እናቴን፣ ገና ሳትቀመጥ። "ለኢድ ጀውሃ የዳርኳት ልጄ አማቾች ይመጣሉ።"

"ያውልሽ፣ ውሰጂው።"

"እንዲህ ራቁቱን? ለብሶ ነው የምፈልገው።"

"እንግዲያው ይቺ ልጅ ታልብስልሽ።"

"አንቺ ነሽ የምታለብሺው።"

እናቴ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሰበሰበች። "እኔ ከል ለብሼ ጠረጴዛ ሳስጌጥ ሰው ምን ይለኛል?"

"ከሉን የለበስሽው አንቺ፤ ጠረጴዛው ምን አደረገ?"

እትዬ መልስ አልጠበቀችም። "ልጆቼ የኢድ ዕለት በጠዋት መጥተው ይሸከሙታል፣ ኢንሻአላህ" ብላ ወጣች።

በኢድ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ እናቴ ካርቶኑን ከአልጋ ሥር እንዳወጣ ነገረችኝ። "እስቲ እዚሁ ሞክሪው፤ ነገ ሰው ፊት እንዳታሳፍሪኝ" አለች። እሷ አልጋው ላይ ተቀምጣ ታዘኝ ጀመር። ልብሱንና ጋዜጣውን አነሳሁ፣ ጠረጴዛውን ወለወልኩ፣ ዳንቴሉን ዘረጋሁ።

"ወደ ግራ ሳቢው። ወደ ግራ አልኩሽ እኮ!"

እናቴ ብርጭቆዎቹን መልሳ በአባቴ ሸሚዝ እጅጌዎች ውስጥ ነበር የከተተቻቸው። የመጀመሪያውን ሳወጣ እናቴ እጇን ዘረጋች፤ የሰጠኋት ብርጭቆውን ነበር፣ የፈለገችው ግን ጨርቁን ነው። ተቀብላ በጣቶቿ ዳበሰችው፤ አጣጥፋም ትራሷ ሥር አደረገችው። የቀሩትንም እንደዚያው አንድ በአንድ ሰጠኋት።

ከዚያ ብርጭቆዎቹን በመስመር ደረደርኳቸው፤ ቀይ ከቀይ፣ ቢጫ ከቢጫ፣ አረንጓዴ ከአረንጓዴ። ለእኔ የተስተካከለ ነበር። እናቴ ለጥቂት ጊዜ አየችው፣ ፊቷን አዞረች፣ እንደገና አየችው።

"ወታደር ነው እንዴ የምታሰልፊው?" አለችና ተነሳች።

ከዚያ ወዲያ አልተቀመጠችም። ቀዩን ከአረንጓዴው አጠገብ አደረገችው፣ ቢጫውን ከኋላ። ከጓሮ ያስለቀመችኝን ሎሚም በረድፍ ሳይሆን ቆልላ ከመረችው። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብላ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ታያለች፣ ተመልሳ አንዱን ብርጭቆ በጣት ስፋት ትገፋለች። ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ብርጭቆዎቹ ላይ ስታርፍ ዳንቴሉ ላይ ቀይና አረንጓዴ ጥላ ወደቀ። "እንዲህ ነው" አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ።

በበዓሉ ጠዋት የእትዬ ሁለት ወንዶች ልጆች ጠረጴዛውን በአጥሩ ክፍተት አሻገሩት። እናቴ ካርቶኑን አቅፋ፣ ጥቁር ነጠላዋን ለብሳ ተከተለቻቸው። አባቴ ከሞተ ወዲህ የደስታ ቤት ስትገባ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ደጃፉ ላይ ቆም ስትል አይቻለሁ። እትዬ ግን ለመቆም ጊዜ አልሰጠቻትም፤ "ነይ እንጂ፣ የቱ ጋ ይሁን?" ብላ ወደ ውስጥ ጎተተቻት።

እትዬ ከቀበሌ ሱቅ በራሽን ያገኘችውን ስኳር ለዚህ ቀን አጠራቅማ ነበርና የሎሚ ጭማቂ በትልቅ ጆግ በጠበጠች። ቴምርም ነበራት። እናቴ ቴምሩን ጠርዙ ወርቃማ በሆነው ሰሃን ላይ ከመረችው፤ ማንጎዎቹን በሎሚው ክምር አናት ላይ አስቀመጠች፤ እኔም አበባውን ሮጬ አመጣሁ።

አማቾቹ ከጀውሃ ደረሱ። ሸበቶው የልጇ ባል አባት ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ሽርጣቸውን ታጥቀው ሲገቡ ሁሉም ተነሳ። ሰላምታው ካለቀ በኋላ ምንጣፉ ላይ ትልቁ ትሪ ቀረበና እንግዶቹ ዙሪያውን ከበው በሉ። ጠረጴዛው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። እያዩ "ማሻአላህ" ይላሉ፤ ቀርቦ የሚቀመጥ ግን የለም።

እናቴ ወደ እትዬ ጠጋ አለች። "ለካ ጠረጴዛ አልፈለግሽም?"

"እኔ ጠረጴዛ ላይ በልቼ አውቃለሁ?"

"ታዲያ ምን አስለፋሽኝ?"

"ለፋሲካ 'እንኳን አደረሳችሁ' ልል መጥቼ በመስኮት አየሁት፤ ያ ሁሉ ልብስ ተቆልሎበት። ሳልገባ ተመለስኩ" አለች እትዬ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ዛሬ እንቢ ብትዪኝ ለአረፋ ደግሞ እመጣ ነበር፣ ወላሂ።"

ወዲያው ሽማግሌው እጃቸውን ታጥበው ወደ ጠረጴዛው መጡ። ከላይ እስከ ታች አዩት።

"ይኼ የሚበላ ነው ወይስ የሚታይ?"

"እሷን ይጠይቋት፤ የእሷ ሥራ ነው" አለች እትዬ።

እናቴ አንገቷን ደፋች። "መጀመሪያ ይታያል፣ ከዚያ ይበላል፣ አባቴ።"

"እንግዲያው እኔ አይቻለሁ" አሉና የላይኛውን ማንጎ አነሱ።

ክምሩ ተናደ። ሎሚው እየተንከባለለ ምንጣፉ ላይ፣ ትሪው ሥር፣ በደጃፉ ወደ ውጭ ወጣ፤ ሕፃናቱ እየተጯጯሁ ተከተሉት። ሽማግሌው ማንጎውን እንደያዙ ድርቅ ብለው ቀሩ። "አጠፋሁ መሰለኝ" አሉ። ያኔ እናቴ ሳቀች። በነጠላዋ አፏን ሸፍና፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እትዬ አብራት ሳቀች፤ ቀስ በቀስ ቤቱ በሙሉ።

ሥጋው ወደ እኛ እንደማይመጣ ሁለቱም ቤት ያውቃል። ስለዚህ እናቴ ወንበር ስባ ከጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠች፤ ዳቦ በማር በላች፣ ጭማቂውን በቀዩ ብርጭቆ ጠጣች። ሽማግሌውም ሌላ ወንበር አስመጥተው ማንጎአቸውን እየላጡ ስለ ደጋው አበባ ሲጠይቋት ቆዩ።

ክረምት ሳይገባ ከጀውሃ መልእክት መጣ፦ ሽማግሌው ሴት ልጃቸውን ሊድሩ ነውና "ያቺ ጠረጴዛ የምታለብሰው ሴትዮ" እንድትመጣላቸው ይለምናሉ። እናቴ ትንሽ አቅማማች፤ ከዚያ ከነከሏ ሄደች፤ እኔም አብሬአት። ቀኑን ሙሉ በዳሱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስትል፣ ሚዜዎቹን ስትቆጣ፣ ሳህን ስታፈራርቅ ዋለች። አመሻሹ ላይ መንገድ ዳር ቆመን ወደ ሸዋ ሮቢት በሚመለስ መኪና ተሳፈርን። መንገዱን ሙሉ ስለ ዳሱ መጋረጃ አወራችልኝ፤ ቢጫ ቢሆን ኖሮ እንዴት ያምር እንደነበር፣ ማን ቢጫ ጨርቅ እንደሚሸጥ፣ ስንት ክንድ እንደሚበቃ። ደክሞኝ ነበር፤ ግን አላቋረጥኳትም።