የቡሄ ጅራፌና መቻል

ትናንት ቤቴል፣ ልጄ ቤት፣ የፍልሰታ ሽሯችንን እየበላን ሳለ ከውጭ ጅራፍ ጮኸ። ነሐሴ ገብቷልና ልጆቹን ማን ይከለክላቸዋል? ትንሿ ነጭ ውሻቸው ጠረጴዛው ሥር ገባችና አፏን በሰፊው ከፍታ አዛጋች። የልጅ ልጄ ሳቀች፤ እንቅልፏ መጣ አለች። ጅራፉ ደገመ። ውሻዋም ደግማ አዛጋች፣ ከንፈሯን ላሰች፣ ጆሮዎቿን ወደ ኋላ ለጠፈች። የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩ። እንቅልፍ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እንዴት እንዳወቅኩ ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ የሚያኮራ ነገር አይደለምና።

ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ቤታችንም ኮልፌ። ማትሪክ ተፈትኜ ውጤት እጠብቃለሁ። መጠበቅ የሚባል ነገር ከእኔ ጋር ተስማምቶ አያውቅም፤ ዛሬም ታክሲ ሰልፍ ላይ እግሬ አርፎ አይቆምም። ያን ክረምት ጠዋት ጠዋት በጭቃው እስከ ጦር ኃይሎች እሄድና የተጠበሰ በቆሎ እየጋጥኩ እመለሳለሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለዕድሜዬ የማይመጥን ሥራ ያዝኩ፤ ከቃጫ ረጅም ጅራፍ ገምጄ ግቢ ውስጥ ማጮህ። እጄ ለጉድ ነበር። አንዴ ሳጮኸው የማዶ ሰፈር ልጆች ይመልሱልኛል፤ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ሁሉ በጅራፉ ጫፍ ወጥቶ የሚሄድ ይመስለኛል።

ውሻችን መቻል ይባላል። ስሙን ያወጣችው እናቴ ናት፤ እሱን በጠራች ቁጥር አጥር የምትጋራን ሴትዮ እንድትሰማላት ነበር። በሰፈራችን ፊት ለፊት የማይባል ነገር በውሻ ስም ይባላል። መቻል እንደ ሌሎቹ ውሾች ቀን ይታሰራል፣ ሲመሽ ይፈታል። የሚታሰረው ከቆርቆሮው አጥር ጥግ ነው፤ እኔ ጅራፍ ከማጮህበት ቦታ ስምንት እርምጃ ቢርቅ ነው። ያኔ ርቀቱን ልብ አላልኩትም።

ነሐሴ ሲገባ መቻል ተለወጠ። በዚያ ብርድ ያለከልካል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ፍርፋሪ ሲሰጡት ጀርባውን ያዞራል። ሰንሰለቱ በሚደርስበት ልክ ወዲያ ወዲህ እያለ ጭቃው ላይ ቦይ አወጣ። አንድ ቀን እናቴ የውኃ ሳህኑን ብታስጠጋለት ሸሽቶ የራሱን ጅራት ነከሰ። ይህን ጋሽ ታፈሰ በአጥር በኩል አዩ። ጋሽ ታፈሰ ጡረታ የወጡ ወታደር፣ የዕድራችንም ዳኛ ናቸው፤ እሳቸው የተናገሩት አይታጠፍም። ውኃ የፈራ ውሻ አብዷል አሉ። ቡሄ ደርሷል፣ የሰው ልጆች ሆያ ሆዬ ሊሉ በየበሩ ይመጣሉ፤ አንዱን ቢነክስ ማን ይጠየቃል? እናቴ አለቀሰች፣ ግን እሺ አለች። ጋሽ ታፈሰ ሐሙስ መርዝ ይዘው ሊመጡ ተስማሙ።

እኔ ምን አደረግኩ? ወጥቼ ጅራፌን አጮህኩ። ሲጨንቀኝ የማውቀው እሱን ብቻ ነበር።

ማክሰኞ ጋሽ ሞላ ማገዶ ይዘውልን መጡ። ከኮልፌ ገበያ በፈረስ ጋሪ ዕቃ የሚያመላልሱ፣ ከሰው ይልቅ ከፈረሳቸው ጋር የሚያወሩ ጎጃሜ ናቸው። እናቴ ስለ መርዙ ስትነግራቸው ቀረብ ብለው መቻልን አዩት። ከዚያ እኔን ጠርተው ጅራፌን እንዳመጣ አዘዙኝ፤ እንዳነሣው ብቻ እንጂ እንዳላጮኸው አስጠነቀቁኝ።

አነሣሁት። የመቻል ዓይን ከእጄ አልተነቀለም። አዛጋ። ከንፈሩን ላሰ። ሆዱን ከመሬት አጣብቆ ወደ ቆርቆሮው አፈገፈገና ሽንቱን ለቀቀ። ጅራፉ ግን ገና አልጮኸም ነበር።

«ፈረሴም የጭነት መኪና ሲመጣበት እንዲህ ያዛጋል» አሉ ጋሽ ሞላ። «አላበደም፣ ልጄ። ጨንቆታል። እንዳይሸሽ ደግሞ ታስሯል።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ለእኔ መገላገያ የሆነኝ ለእሱ በየቀኑ የሚደርስበት ዱላ ነበር።

«ምን ላድርግለት?» አልኳቸው።

«ጅራፉን ተው። ከሰንሰለቱ ፍታውና ጸጥ ያለ ቦታ አስገባው። ከዚያ አጠገቡ ተቀመጥ፤ አትየው፣ አታባብለው። ጎንህን ስጠውና ዝም በል።»

እኔን ዝም ብለህ ተቀመጥ ማለት ውኃን ሽቅብ ፍሰስ እንደማለት ነው። ግን ተቀመጥኩ። ከዚያ በፊት ጋሽ ታፈሰ ቤት ሄጄ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኳቸው። አላመኑኝም፤ ሐሙስ እንደሚመጡ፣ ውኃ ሲጠጣ በዓይናቸው ካዩ ብቻ እንደሚተዉት ነገሩኝ። መቻልን ማገዶ የምናስቀምጥበት እንጨት ቤት አስገባሁት፤ የሌሎቹ ልጆች ጅራፍ እንዳይሰማው በሩ ላይ ማዳበሪያና አሮጌ ጋቢ ሰቀልኩ። የመጀመሪያው ቀን አራት ጊዜ ተነሣሁ። በተነሣሁ ቁጥር ይንቀጠቀጣል። መቀመጥን ያስተማረኝ ይኼ ነው። በማግሥቱ ከእጄ ትንሽ ራቅ ብሎ ተኛ፤ ያንኮራፋም ነበር።

ሐሙስ ጋሽ ታፈሰ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሥጋ ይዘው መጡ፤ በጾም ከየት እንዳገኙት እንጃ። በሩ ላይ ቆሙ። ከሩቅ ጅራፍ ጮኸ። መቻል አዛጋ። ዘልዬ ልይዘው ፈለግኩ፣ ግን አልተንቀሳቀስኩም። ብዙ ቆየ። በመጨረሻ ተነሥቶ ወደ ሳህኑ ሄደና ጠጣ፤ ሳህኑ ባዶ እስኪሆን ጠጣ። ጋሽ ታፈሰ ጋዜጣውን ካፖርታቸው ኪስ ከተቱ። «ለማንኛውም በሩን ዝጋ» ብለውኝ ሄዱ።

ውጤቱ የወጣው ከቡሄ በኋላ ነው። አላለፍኩም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሰው እንዳያገኘኝ በውስጥ ለውስጥ በእግሬ መጣሁ፤ ማንንም ሳላናግር እንጨት ቤቱ ደጃፍ ተቀመጥኩ። መቻል መጣ። ፊቴን አላየም፣ አልላሰኝም። ጎኑን ሰጥቶኝ ተቀመጠ፤ እስኪመሽም አልተነሣም።

ከዚያ ወዲህ ጭንቀቱን በጩኸት የሚያወጣ ሰው ባየሁ ቁጥር፣ ስምንት እርምጃ አጠገቡ ማን ታስሮ ይሆን እያልኩ ዙሪያውን አያለሁ። የራሴንም ዙሪያ ጭምር፤ ባለቤቴ ብትኖር ብዙ ትመሰክርብኝ ነበር።

ትናንት ጉልበቴ እየተንቋቋ ምንጣፉ ላይ ወረድኩና ለውሻዋ ጎኔን ሰጠኋት። ልጄ ምን ሆንክ ብላ ደነገጠች። የልጅ ልጄ ግን መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እስከ መቼ ነው የምንቀመጠው፣ አባባ?»

«እሷ እስክትነሣ።»

ውጭ ጅራፉ እንደገና ጮኸ። እግሬ እንደ ልማዱ ተነሥ ተነሥ አለኝ። አልተነሣሁም።